የትኛዋ ናት?

የብረት ሞዴል አውሮፕላን እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው አፍንጫዋን ነው። የጅራቷ ቀለም ይቆየኛል፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ውዳሴም ይቆየኛል። ከጎን አድርጌ ወደ ዓይኔ አስጠጋትና ከአብራሪዎቹ መስኮት አናት ተነሥቶ እስከ አፍንጫዋ ጫፍ የሚወርደውን መስመር እከተላለሁ። መስመሩ ለስለስ ብሎ ይወርዳል ወይስ መሃሉ ላይ ሰበር ይላል? ጫፉ ከገላዋ መሃል ዝቅ ብሏል ወይስ እኩል ነው? እዚያ ላይ የተበላሸች ሞዴል በሌላ በምንም አትካስም። ሰውን በፊቱ እንደምንለየው ሁሉ አውሮፕላንም የምትለየው በፊቷ ነው።

ይህን ዓይን የሰጠኝ አባቴ ነው። አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ቦሌ በሚገኘው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ሃንጋር ውስጥ የአውሮፕላን ገላ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ አሉሚኒየም ሲቆርጥ፣ ሲያጥፍ፣ ሪቬት ሲመታ። ሰፈራችን ከማኮብኮቢያው ብዙም ስለማይርቅ እኛ ልጆቹ ከራሳችን በላይ ያለፈውን ሁሉ «ቦይንግ» እንል ነበር። አባዬ ግን እንዲህ ያለ መልስ አይቀበልም። በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሻዩን እየጠጣ ድምፅ ሲሰማ ጣቱን ወደ ሰማይ ያነሣና «የትኛዋ ናት?» ይለኛል።

«ቦይንግ ናት፣ አባዬ።»

«ቦይንግ መሆኗንማ ማን አጣው? የትኛዋ?»

የሚጠይቀኝ የዓይነቷን ስም ብቻ አልነበረም። ለእሱ እያንዳንዷ አውሮፕላን ገላዋ ላይ በተጻፉት የምዝገባ ፊደላት የምትጠራ፣ የራሷ ታሪክና የራሷ ጠባሳ ያላት ነበረች። አንዷ በሯ አካባቢ ያለባት ጎድጓዳ፣ ሌላዋ ክንፏ ሥር የተለጠፈላት ቁራጭ፣ ሁሉም በአእምሮው አለ። ፊደላቱን ከመሬት ሆኖ ማንበብ በማይቻልበት ከፍታ ላይ እንኳ ቢያንስ ዓይነቷን በትክክል ሳልናገር አያልፈኝም።

በዚያን ጊዜ እንዲያምታቱ ሆነው የተሠሩ የሚመስሉ ሁለት ባለ አራት ሞተር ጄቶች ነበሩን፤ ቦይንግ 720ቢ እና ቦይንግ 707። 720ቢ አዲስ አበባ የገባችው በ1955 ዓ.ም. ነው። የቀድሞው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት ስለማይበቃ ቦሌ የተሠራው ለእሷ ተብሎ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ክንፍም ሞተርም ጉልበት ያንሰዋል። ስለዚህ አጠር፣ ቀለል ያለችው 720ቢ ተመረጠች። 707 ኋላ መጣች። አባዬ ሁለቱን ከሥር ሆኖ የሚለያቸው በክንፋቸው ነው። የ720 ክንፍ ከገላዋ እስከ ውስጠኛው ሞተር ድረስ የፊት ጠርዙ ላይ ተጨምሮበት ይበልጥ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። «ብብቷን እይ» ይለኝ ነበር። ብብቷን ማየት ለመድኩ።

በግንቦት 1976 ዓ.ም. መጨረሻ አዲሲቷ 767 ከዋሽንግተን ተነሥታ የትም ሳታርፍ አዲስ አበባ ገባች። ከ12 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከ13 ሰዓት በላይ፣ በሁለት ሞተር ብቻ። ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ስለ ርቀቱ ሲያወራ አባዬ ማታ ደብተሬን ተቀብሎ ከጀርባው ሽፋን ላይ ሁለት አፍንጫ ሣለልኝ። የመጀመሪያው የ707 ነው፤ ከአብራሪዎቹ ዋና መስኮቶች በላይ እንደ ቅንድብ የተቀመጡ ትንንሽ መስኮቶች አሉት። ሁለተኛው የ767 ነው፤ ቅንድብ የለውም፣ ስድስት መስታወት ብቻ፣ ግንባሩም ሰፋ ያለ። «ከእንግዲህ አፍንጫዋን ካየህ ጅራቷን ማየት አያስፈልግህም» አለኝ። ያ ደብተር የት እንደገባ አላውቅም፤ ሥዕሉ ግን እስከ ዛሬ ሞዴል በያዝኩ ቁጥር ፊቴ ላይ ይመጣል።

የብረት ሞዴል የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ከገባሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የማውቀው ከተማ መሃል ባለ አንድ የጉዞ ወኪል መስኮት ውስጥ የቆመውን ትልቅ የማስታወቂያ ሞዴል ነበር፤ አባዬ በዚያ ባለፍን ቁጥር ሞተሮቹ ዝቅ ብለው መንጠልጠላቸውን ሳይናገር አያልፍም። ፍራንክፈርት አየር መንገዳችን ወደ አውሮፓ ከዘረጋቸው ቀደምት መስመሮች አንዱ ነው፤ እኔም ሥራ ያገኘሁት እዚያው አየር ማረፊያ፣ ካርጎ ነው። ቀን እውነተኞቹን አያለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ተርሚናሉ ውስጥ ካለው ሱቅ መስታወት ፊት እቆማለሁ። እዚያ የሚደረደሩት አብዛኞቹ የሄርፓ ሥራዎች ነበሩ፤ ኑረምበርግ አጠገብ ዲተንሆፈን በምትባል ከተማ ያለ ድርጅት ነው፤ 1፡500 በሚባለው መጠን የታወቀ። አምስት መቶ ጊዜ ያነሰች 767 ከመዳፍ አትበልጥም። ትንሽ ብትሆንም ከባድ ናት፤ እጅ ላይ ስታርፍ ክብደቷ ይሰማል። ሰብሳቢዎች ከፕላስቲክ ይልቅ ብረቱን የሚወዱት መጀመሪያ በዚህ ክብደት ይመስለኛል።

ሞዴሎቹ ለምን እንደሚሳሳቱ ለመረዳት አሠራራቸውን ማወቅ ግድ ነው። ብረቱ ዚንክ ነው፤ ጥቂት አሉሚኒየም፣ ማግኒዥየምና መዳብ ይጨመርበታል። ቀልጦ ከብረት በተሠራ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በኃይል ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ይወጣል፣ ይሞረዳል፣ ይቀባል። ውዱ ነገር ቅርጽ ማውጫው ነው። አንዴ ከተሠራ በኋላ አምራቹ ወጪውን ለመመለስ ለዓመታት ይጠቀምበታል፤ አንድ ቅርጽ የሃያም የሠላሳም አየር መንገድ ቀለም ይለብሳል። ስለዚህ የአፍንጫ ስሕተት አንድ ጊዜ ከተሠራ ያ አምራች እስካለ ድረስ አብሮት ይኖራል። የቀለም ስሕተት በሚቀጥለው ኅትመት ይታረማል፤ የቅርጽ ስሕተት አይታረምም። እኔ ቅርጽን ከቀለም የማስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው፤ የምወደውን አየር መንገድ ቀለም የለበሰ ክፉ ቅርጽ ከመግዛት የማላውቀውን አየር መንገድ የለበሰ ደህና ቅርጽ እመርጣለሁ።

አባዬ ጡረታ ከወጣ በኋላ የልጅ ልጆቹን ሊያይ ፍራንክፈርት መጣ። ሞዴሎቼን ሁሉ አውጥቼ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት። እንዲደነቅልኝ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና አንድ 767 አንሥቶ ወዲያው ገለበጣት። ሆዷን ነው ያየው። ክንፉ ከገላው ጋር የተገጠመበትን ቦታ በጥፍሩ ሄደበት። አንዳንድ አምራቾች ክንፉንና የሆዱን ቁራጭ አንድ ላይ ቀርጸው ገላውን ከላይ ያስቀምጡበታል፤ ርካሽና ጠንካራ ነው፣ ግን በጎኗ ላይ እውነተኛዋ የሌላት ስፌት ይቀራል። አንዳንዶቹ ደግሞ ክንፉን ለብቻ ሠርተው ገላው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ይሰኩታል፤ ሥራው ይበዛል፣ መጋጠሚያው ግን ንጹሕ ይሆናል።

«ይቺ ተሰፍታለች» አለኝ። ከዚያ በማቆሚያዋ ላይ አስቀመጣት፤ እንደምትበር ሆና፣ ጎማዎቿ ግን ወጥተው። አጎንብሶ ጎማዎቹን አየ።

«እየተነሣች ነው ወይስ ቆማለች?»

«እየተነሣች ነው፣ አባዬ፤ ማቆሚያ ላይ ናት።»

«ታዲያ ጎማዎቿ ለምን ተኝተዋል? 767 መሬት ስትለቅ ከዋናዎቹ ጎማዎች የፊተኞቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ። ይህን ያላየ ሰው ነው የሠራት።»

ይህን ያህል ዓመት ከሜዳው ዳር ቆሜ 767 ስትነሣ ሳይ የኖርኩ ሰው፣ በማግስቱ ሥራ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ጎማዎቹን ነበር። ልክ ነው። ጎማዎቹ ጣታቸውን ወደ መሬት ቀስረው ይነሣሉ። የሌሎች ትልልቅ ጄቶች፣ ለምሳሌ የ777፣ በተቃራኒው የኋለኞቹ ናቸው ዝቅ የሚሉት። ከዚያ ወዲህ ማቆሚያ ላይ የቆመች ሞዴል ጎማዋ ወጥቶ ካየሁ ዓይኔ ሌላ ቦታ አይሄድም።

በዚያው ሰሞን ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚደረግ የሰብሳቢዎች ገበያ አባዬን ይዤ ሄድኩ። አዳራሹ ሙሉ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ሙሉ ሳጥን ነው። አንድ ጥግ ላይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በሊቨርፑል የተሠሩ፣ ዲንኪ የሚባሉ የመጫወቻ አውሮፕላኖች ነበሩ። ያኔ ዚንኩ ውስጥ እርሳስ ይቀላቀል ስለነበረ ብረቱ ከውስጥ ይፈረካከሳል፤ ክንፋቸው አብጦ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ቢነኳቸው ቁራሽ የሚጥሉ ሆነዋል። አባዬ እነሱ ፊት ረጅም ጊዜ ቆመ። ቅርጻቸው የልጅ መጫወቻ ነው፣ አንዳችም መስኮት አልተከፈተላቸውም። «አቋማቸው ግን ልክ ነው» አለ፤ ክንፎቻቸው ከሥር ወደ ጫፍ ከፍ የሚሉበትን ማዕዘን በእጁ እያሳየኝ። ውበት ሳይኖራቸው እውነት ነበራቸው። ከዚያ ቀን በፊት ጥራትና ትክክለኛነት አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። አንዲት ሞዴል ቀለሟ እንደ መስታወት አብርቶ፣ መስመሯ ምላጭ ሆኖ፣ ጎማዋ ተሽከርክሮ ጭራሽ ሌላ አውሮፕላን ልትሆን ትችላለች።

እንዲህ ያለችውን ለማየት ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ነው የተራመድነው። 1፡200 የሆነች፣ ባለ አራት ሞተር፣ የድሮውን የአየር መንገዳችንን ቀለም የለበሰች ነበረች፤ ሳጥኑ ላይ «720ቢ» ይላል። ልቤ ደረቴን መታ። ዋጋዋን ከመጠየቄ በፊት አባዬ ከእጄ ወሰዳትና ገለበጣት። «ብብቷ የት አለ?» አለኝ በአማርኛ፤ ሻጩ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል። የክንፉ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ገላው ውስጥ ይገባል፤ ያ የተጨመረው ነገር የለም። ካሊፐሬን አውጥቼ ርዝመቷን ለካሁ። 720ቢ 41.7 ሜትር ገደማ ናት፤ ለ200 ሲካፈል 21 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። እጃችን ላይ ያለችው ከ23 አለፈች። ይህ የ707-320 ርዝመት ነው። አምራቹ የ707 ቅርጽ ማውጫ ነበረው፣ የ720 ግን አልነበረውም፤ ስለዚህ ቀለሙን ቀብቶ ስሙን ሳጥኑ ላይ ጻፈ። ሥራዋ እጅግ ያማረ ነበር፤ ያ ነው የሚያናድደው። ያንን ቀለም ለመመርመር የደከመ ሰው፣ የበሮቹን ጠርዝ በብርማ መስመር የከበበ ሰው፣ ቦሌን ያሠራችውን አውሮፕላን ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል አስረዘማት። ለሌላ ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ለእኛ ግን ስሱን አየር ችላ የተነሣችው እሷ ናት፤ ማጠሯ ነው ታሪኳ።

አልገዛናትም።

ቁጥርን እስከ መጨረሻው መከተል ግን ሌላ ጣጣ አለው። አሁን አሁን የሚወጡ ሞዴሎች ገላቸው ላይ የቆርቆሮውን መጋጠሚያ የሚያሳይ ቀጭን ቦይ ይቆረጥባቸዋል፤ ሰብሳቢውም ቦዩ በበዛ ቁጥር «ዝርዝሯ ድንቅ ነው» ይላል። እስኪ እንቁጠረው። 1፡400 በሆነች ሞዴል ላይ ሩብ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ እውነተኛዋ ላይ ቢሆን 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አባዬ ይህን ሲሰማ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ፦ «መዳፌ በሙሉ ይገባበታል ማለት ነው። እኔ እንዲህ አድርጌ ባጋጥም ኖሮ ማን ያስበርራታል?» የክንፉ የኋላ ጠርዝም እንዲሁ ነው። ዚንክ ከተወሰነ በላይ አይሳሳም፤ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠርዝ አራት መቶ ጊዜ ሲባዛ የ40 ሴንቲ ሜትር ግንብ ነው። አናቷ ላይ የሚተከሉት አንቴናዎችማ በትክክለኛ ውፍረታቸው ቢሠሩ በዓይን አይታዩም፣ በእስትንፋስም ይሰበራሉ። ስለዚህ አምራቹ የት ላይ ማጋነን፣ የት ላይ መተው እንዳለበት የሚያውቅ ዓይን ያስፈልገዋል። እኔ የሚተወውን አምራች አከብራለሁ። በቀጭን ግራጫ መስመር የታተመ መጋጠሚያ ከተቆረጠ ቦይ ይልቅ ለእውነት ይቀርባል፤ ያልተተከለ አንቴናም እንደ ምሰሶ ከቆመ አንቴና ይሻላል።

ወደ ቀለም ስመጣ ደግሞ የእኛ አውሮፕላን ልዩ ፈተና አላት። ጅራቷ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አለ። ቀለሙ የሚታተመው ለስላሳ በሆነ የሲሊኮን ማኅተም ነው፤ ማኅተሙ ቀለሙን ከተቀረጸ ሰሌዳ ላይ አንሥቶ ጎባጣው ገላ ላይ ይጫናል፣ ለእያንዳንዱ ቀለም ለየብቻ። አንዱ ከሌላው በፀጉር ያህል ከተዛነፈ በመካከላቸው ነጭ ክር ይታያል ወይም ይደራረባሉ። ቢጫ ደግሞ ደካማ ቀለም ነው፤ ሥሩ ነጭ ካልተደረገ ይጠቁራል። አንድን ቀለም ከእውነተኛዋ ላይ ቀድቶ እንዳለ ትንሽ ነገር ላይ መቀባትም አይበጅም፤ ትልቅ ነገር ከሩቅ ሲታይ በመካከል ያለው አየር ቀለሙን ያነጣዋል፣ ትንሿ ላይ ግን አየሩ ስለሌለ ጠቆር ብሎ ይታያል። ደህና አምራች ጥቂት ያነጣዋል። ገላዋ ላይ ደግሞ ፊደላችን አለ። «የኢትዮጵያ» የሚለውን በማጉያ መነጽር ነው የማየው፤ በተለይ «ጵ»ን። ፊደሉን የማያውቅ ሠራተኛ ያዘጋጀው ጽሑፍ ላይ «ጵ» ድፍን ነጥብ ሆና ትቀራለች። የሚያውቅ ወይም የጠየቀ ሰው ያዘጋጀው ላይ ግን፣ ከሩዝ ፍሬ ባነሰች ቦታ፣ ትነበባለች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የአባዬ ጥያቄ የሚመጣው፤ የትኛዋ ናት? ምክንያቱም «የኢትዮጵያ 787» የሚባል አንድ ነገር የለም። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የገቡት የመጀመሪያዎቹ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሞተር የተገጠመላቸው ናቸው፤ ኋላ ከመጡት መካከል ደግሞ የሮልስ ሮይስ ሞተር ያላቸው አሉ። ፊደሏ የአንዷ፣ ሞተሯ የሌላዋ የሆነች ሞዴል የማንም አይደለችም። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረጉት አውሮፕላኖችም ከጦር ሠራዊት የተረፉ ሲ-47ዎች ነበሩ፤ በግራ ጎናቸው፣ ወደ ኋላ በኩል፣ ሰፊ ባለ ሁለት መዝጊያ የጭነት በር አላቸው። ጠበብ ያለ የመንገደኛ በር ያለውን የሲቪል ወንድማቸውን የዲሲ-3ን ቅርጽ ወስዶ የእነዚያን ቀለም መቀባት የአየር መንገዱን የመጀመሪያ ቀን ያለ ሸክሙ ማቅረብ ነው። እነዚያ አውሮፕላኖች ሰውንም ዕቃንም አንድ ላይ ነበር የሚያመላልሱት፤ በሩ ይህን ይናገራል።

አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ከፊቴ የቆመችውን 787 ፊደሎች አነበብኩ፤ ኢቲ-ኤኦፒ። ንግሥተ ሳባ የምትባለው። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ላይ ባዶዋን ቆማ ሳለች ከጅራቷ ፊት ያለው የጣሪያዋ ክፍል በእሳት የተጎዳባት እሷ ናት። መነሻው አደጋ ሲደርስ ምልክት የሚያስተላልፈው መሣሪያ ባትሪ ነበር። ገላዋ አሉሚኒየም አይደለም፣ የካርቦን ጥምር ነው፤ እንዲህ ያለ ጉዳት በዚያ ገላ ላይ ተጠግኖ ስለማያውቅ ብዙ ሰው ዳግም መብረሯን ተጠራጥሮ ነበር። ተጠግና በረረች። ያን ቀን ከሥሯ ቆሜ ጣሪያዋን ለማየት አንገቴን ዘረጋሁ፤ ምንም አይታይም። ማታ ለአባዬ ደወልኩለት። ስለ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም፦ «ስፌቱ ይታያል?»

«አይታይም፣ አባዬ።»

«ጎበዞች ናቸው» አለኝ፤ ከአንድ ገላ ጠጋኝ ለሌሎች ገላ ጠጋኞች።

የእሷ ሞዴል ከዚያ በፊትም ነበረችኝ፤ መጀመሪያ መደርደሪያዬ ላይ ያቆምኳት ለክንፏ ነበር። የ787 ክንፍ አየር ላይ ሲሆን ጫፉ ወደ ሰማይ ይታጠፋል፣ መሬት ላይ ሲሆን ይረጋጋል። ብዙ አምራቾች በጎማዋ የቆመችውንም በምትበርበት ክንፍ ይሠሯታል፤ ለሥዕል ያምራል፣ ግን ሐሰት ነው። የእኔዋ ክንፏ ያረፈ ነው። አሁን ግን ከእሷ ጋር ያለኝ ነገር ሌላ ሆኗል። ፊደሎቿ ልክ ናቸው፣ ከሞተሮቿ ጀርባ ያለው እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ጠርዝ ልክ ነው፣ አራቱም የኮክፒት መስታወቶች ልክ ናቸው፤ የተጠገነውን ጣሪያ ማንም አምራች ሊያሳየው አይችልም፣ ምክንያቱም እውነተኛዋም ላይ አይታይም። የማትታይ ጥገና የምትወክል ሞዴል ትክክለኛነቷ በምን ይለካል? እኔ በፊደሎቿ እላለሁ። «ኢቲ-ኤኦፒ» ብሎ የጻፈ ሰው ያንን ሁሉ ጽፏል።

ከአባዬ የወረስኩት አንድ ልማድ አለ። ያኔ ፍራንክፈርት ሳለ ያያቸውን ሞዴሎች ስሕተት በእርሳስ በትንንሽ ወረቀት እየጻፈ ሳጥኖቻቸው ውስጥ ይከት ነበር፤ «ጎማ ያልተዘነበለ»፣ «ሞተር ዝቅ ያለ»፣ «ግንባሯ ጠቧል»፣ አንዳንዴም «ጥሩ ናት» ብቻ። ልክ ሃንጋር ውስጥ ለተረኛው የሥራ ባልደረባ እንደሚተወው ማስታወሻ። እኔም በአዲሶቹ ላይ ቀጠልኩበት። ሞዴል ልሸጥ ወይም ልለውጥ ስፈልግ ወረቀቱን ከሳጥኑ አላወጣም፤ ገዢው ማወቅ አለበት። አንዳንዱ ይከፋዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ወረቀቱን ብሎ ይገዛል።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አየር መንገዱ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋን ኤርባስ ኤ350-1000 ተረክቧል። ሞዴሏ እጄ ስትገባ እንደ ልማዴ ሳጥኑን ሳላነብ ጀመርኩ። እውነተኛዋ 73.8 ሜትር ገደማ ስለሆነች 1፡400 ላይ ከ18.4 ሴንቲ ሜትር በላይ መሆን አለባት፤ ሆናለች። ከታናሿ ከኤ350-900 የምትለይበት ዋና ጎማ በአንድ እግር አራት መሆኑ ቀርቶ ስድስት ነው፤ ስድስት ናቸው። በኮክፒቱ መስታወቶች ዙሪያ ያለው ጥቁር ጭንብል ጥጉ ላይ ክብ ብሎ መጨረስ አለበት፤ እዚህ ላይ ጥቂት ሾሏል። ቢጫው ንጹሕ ነው። «ጵ» ትነበባለች። አፍንጫዋ ግን አጠራጠረኝ፤ ከሥር በኩል ያለው ጉብታ የበዛ መሰለኝ። ስልኬን አስጠግቼ ከፊት አነሣኋትና በቴሌግራም ለአባዬ ላክሁለት፤ «አገጯ አልበዛም?» ብዬ።

ዓይኑ እንደ ድሮው ስላልሆነ ፎቶውን የልጅ ልጁ ታሰፋለታለች። መልሱ በድምፅ መጣ፦ «ልጄ፣ በስልክ ከፊት ለፊት አስጠግተህ ያነሣኸው አፍንጫ ሁልጊዜ ያብጣል፤ የእኔንም ብታነሣው ያብጣል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣት፣ ራቅ በል፣ ከጎን አንሣት። ከዚያ እንነጋገራለን። ደግሞ ፊደሎቿን ሳትልክልኝ ቀረህ፤ የትኛዋ ናት?»